የኤች አይ ቪ ምርመራ ከሌሎቹ ምርመራዎች ተርታ ሲሰለፍ

ከቃሊቲ ወደ ቱሉ ዲምቱ በሚወስደው መንገድ አካባቢ ከሚገኙ ጤና ጣቢያዎች በአንዱ በነርስነት ሳገለግል፣ በግንባታ ሥራ ላይ የተሰማራ አንድ ወጣት ሁለት ወር ያህል አልለቀው ያለ ሳል ይዞት ወደ ተመላላሽ ክፍላችን መጣ። ጫማው ላይ ሲሚንቶ ደርቆበት ነበር፤ መክሳቱም ከሸሚዙ ስፋት ይታወቅ ነበር። ለቲቢ ምርመራ አክታ እንዲሰጥ፣ ሌሎች የደም ምርመራዎችንም እንዲያደርግ በተለመደው ድምፄ ነገርኩት። ወደ ኤች አይ ቪ ምርመራ ስደርስ ግን ተነስቼ በሩን ዘጋሁት፤ ወንበሬን ወደ እሱ አስጠጋሁና ድምፄን ዝቅ አድርጌ «አንድ ሌላ ምርመራ አለ፤ ፈቃደኛ ከሆንክ» አልኩት። ወጣቱ ለጥቂት ጊዜ መሬት መሬቱን ሲያይ ቆየና «ሲስተር፣ ሌላ ቀን እመጣለሁ» ብሎ ወጣ። የተመለሰው ከአራት ወር በኋላ፣ በሁለት የሥራ ባልደረቦቹ ተደግፎ ነው። ቫይረሱም ቲቢውም ተገኘበት። መድኃኒት ጀምሮ ካገገመ በኋላ ያን ቀን ለምን እንደሄደ ስጠይቀው፣ «በሩን ሲዘጉትና ድምፅዎን ሲቀንሱ፣ እኔን አይተው የጠረጠሩኝ መሰለኝ» አለኝ።

በሩን የዘጋሁት ምስጢሩን ለመጠበቅ ብዬ ነበር፤ ሥልጠናችንም የሚያዘን ይኸንኑ ነው። ይሁን እንጂ ለአክታው ክፍት የተውኩትን በር ለደሙ ስዘጋው፣ ምንም ሳልናገር ብዙ ተናግሬአለሁ። የኤች አይ ቪ ምርመራን የሕክምናው የዘወትር ክፍል ስለማድረግ በተነሳ ቁጥር አስቀድሞ ትዝ የሚለኝ ያ በር ነው። ጉዳዩ ከላይ ሲያዩት ምርመራውን ለሁሉም ታካሚ ከማቅረብ ያለፈ አይመስልም። ውስጡ ሲገቡ ግን የሕግ፣ የሒሳብ፣ የገንዘብ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የአነጋገር ጉዳይ ስላለበት ጊዜ ወስዶ ማየት ይገባል።

ሰው የኤች አይ ቪ ምርመራ የሚያደርገው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው፣ ራሱን ለማወቅ ወስኖ በገዛ እግሩ ሄዶ የሚመረመርበት ሲሆን፣ በአገራችን በፈቃደኝነት ላይ የተመሠረተ የምክርና የምርመራ አገልግሎት እየተባለ ለረጅም ዓመታት የተሰበከው እሱ ነው። ሁለተኛው፣ ሰውየው በሌላ ምክንያት፣ ለሳል፣ ለእርግዝና ክትትል፣ አልድን ላለ ቁስል ወይም አልጋ ይዞ ለመታከም ወደ ጤና ተቋም በመጣበት ጊዜ ባለሙያው ራሱ ምርመራውን የሚያቀርብበት ነው። በዚህ በሁለተኛው መንገድ ውስጥ፣ ብዙ ሰው ልብ የማይለው አንድ ወሳኝ ልዩነት አለ። ባለሙያው «የኤች አይ ቪ ምርመራ ማድረግ ይፈልጋሉ?» ብሎ ከጠየቀ፣ መነሻው አለመመርመር ነው፤ ለመመርመር መወሰን፣ ውሳኔውንም በአንደበት ማውጣት የታካሚው ሸክም ይሆናል። «ዛሬ ከምናደርጋቸው ምርመራዎች አንዱ የኤች አይ ቪ ነው፤ እዚህ ክፍል ለሚገባ ሰው ሁሉ እናደርገዋለን፤ ካልፈለጉ ይንገሩኝ፣ ሕክምናዎ በዚህ ምክንያት አይጓደልም» ካለ ግን መነሻው መመርመር ይሆናል፤ ታካሚው ውሳኔ የሚጠበቅበት መተው ሲፈልግ ብቻ ነው። በሁለቱም አጠያየቅ መብቱ ያው አንድ ነው። በሁለተኛው አጠያየቅ ግን «ለምን እኔን?» የሚለው ጥያቄ ከመነሳቱ በፊት መልስ አግኝቷል።

ይህ ምርመራ ከሌሎች ተለይቶ እንዲቆም የተደረገው ያለ ምክንያት አልነበረም። ቫይረሱን የሚያሳየው የመጀመሪያው የደም ምርመራ ሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1985 ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ ለሕክምና የሚሆን አንድም መድኃኒት አልነበረም። የመጀመሪያው መድኃኒት በ1987 ተፈቀደ፤ ሕይወትን በእርግጥ የሚያራዝመው የጥምር መድኃኒት ሕክምና የተስፋፋው ደግሞ ከ1996 ወዲህ ነው። በእነዚያ ዓመታት ቫይረሱ እንዳለበት የተነገረው ሰው ሥራውን፣ ቤቱን፣ አንዳንዴም ቤተሰቡን ሊያጣ ይችል ነበር፤ በምትኩ የሚሰጠው ሕክምና አልነበረም። ስለዚህ ከምርመራው በፊት ረጅም ምክር መስጠትና በብዙ አገሮች በጽሑፍ የተፈረመ ፈቃድ መቀበል ተገቢ ነበር። በአገራችን ቫይረሱ መኖሩ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1984፣ የመጀመሪያዎቹ ሕሙማን የታዩት በ1986 ሲሆን፣ መድኃኒቱ በነጻ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ2005) ነው። በመካከሉ ባሉት ሃያ ዓመታት ምርመራው ለአብዛኛው ኢትዮጵያዊ የሚያስተላልፈው መርዶ ብቻ ነበር፤ ያንን ዘመን ያየ ሰው ዛሬ ሲፈራ አልፈርድበትም።

መድኃኒቱ ሲመጣ ሚዛኑ ተለወጠ። ቦትስዋና በ2004 እ.ኤ.አ. ምርመራው በጤና ተቋማቷ ለሚታከሙ ሰዎች በዘወትርነት እንዲቀርብ አደረገች። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል በመስከረም 2006 እ.ኤ.አ. ዕድሜያቸው ከ13 እስከ 64 ለሆኑ ታካሚዎች ሁሉ ምርመራው ያለ ተለየ የጽሑፍ ፈቃድ፣ «አልፈልግም» የማለት መብት ተጠብቆ እንዲቀርብ መከረ፤ የዓለም ጤና ድርጅትና የተባበሩት መንግሥታት የኤድስ ፕሮግራምም በቀጣዩ ዓመት የጤና ባለሙያው ራሱ ምርመራውን የሚያቀርብበትን መመሪያ አወጡ። በእንግሊዝም ቫይረሱ በብዛት በሚገኝባቸው አካባቢዎች በድንገተኛ ክፍሎች ደም የሚወሰድላቸውን ሰዎች ሁሉ መመርመር ከ2022 ጀምሮ ተስፋፍቷል፤ እጁ ተሰብሮ ወይም ሆዱን አሞት የመጣ ሰው በዚያው ደም የኤች አይ ቪ ምርመራ ይደረግለታል፣ ካልፈለገም ይቀራል ማለት ነው።

በእኛ አገር ምርመራውን ከጥርጣሬ ጋር ያጣበቀው ግን የመድኃኒት አለመኖር ብቻ አይደለም። ብዙ ወጣት ይህን ምርመራ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያውቀው ለጋብቻ ወረቀት አምጡ ሲባል ወይም ለሥራ ወደ ዓረብ አገር ለመሄድ የጤና ምርመራ ሲታዘዝ ነው። በሁለቱም ቦታ ምርመራው በር ላይ እንደ ዘበኛ ቆሟል፤ የሚያልፈው ያልፋል፣ የማያልፈው ሠርጉ ወይም ጉዞው ይቀርበታል። ቋንቋችንም ይኸንኑ ይመሰክራል። ቫይረሱ ያልተገኘበት ሰው «ነጻ ነኝ» ይላል፤ ነጻ የሚባለው ደግሞ ተከስሶ የነበረ ሰው ነው። የስኳር ምርመራው ጥሩ የሆነለት ሰው «ነጻ ወጣሁ» ሲል ሰምቼ አላውቅም። ምርመራውን የዘወትር ማድረግ ማለት፣ በእኔ አረዳድ፣ ከዚህ የችሎት ስሜት አውጥቶ ከስኳሩና ከደም ግፊቱ ተርታ ማሰለፍ ነው።

ይህ የማይቻል ነገር እንዳልሆነ በገዛ ግቢያችን ውስጥ ማየት ይቻላል። ለእርግዝና ክትትል የምትመጣ እናት በመጀመሪያው ቀን የደም ዓይነቷ፣ የደም ማነስ፣ ቂጥኝ፣ ሄፓታይተስ ቢ እና ኤች አይ ቪ አብረው ይመረመሩላታል። የሁሉም ትእዛዝ በአንድ ወረቀት ላይ ይጻፋል፤ ወረፋው አንድ ነው፤ ከጎኗ የተቀመጠችው ጎረቤቷም ያንኑ ወረቀት ይዛለች። በሠራሁባቸው ዓመታት ከእነዚህ እናቶች መካከል «ለምን እኔን?» ያለችኝ አላስታውስም። ይህ የሆነው እናቶቹ ከሌላው ሰው የበለጠ ደፋር ስለሆኑ አይደለም፤ አገልግሎቱ ማንንም ስለማይለይ ነው። ጥቅሙም ከፍ ያለ ነው። ምንም ካልተደረገ ቫይረሱ ያለባት እናት በእርግዝና፣ በወሊድና በጡት ማጥባት ጊዜ ለልጇ የማስተላለፍ ዕድሏ ከ15 እስከ 45 በመቶ ሲሆን፣ መድኃኒቱን በአግባቡ ከወሰደች ከ5 በመቶ በታች ሊወርድ ይችላል። ወንዶች ግን እንዲህ ያለ የተከፈተ በር የላቸውም። ጤነኛ ነኝ የሚል ወንድ ጤና ጣቢያ አይመጣም፤ ሲመጣም በአብዛኛው እንደዚያ የግንባታ ሠራተኛ ዘግይቶ ነው።

ከዚህ ጋር የተያያዘና ደጋግሜ የምሰማው አንድ አባባል አለ፤ «ሚስቴ ተመርምራለች፣ ምንም የለባትም»። የሚስት ውጤት የባል ውጤት አይደለም። አንዱ ቫይረሱ ኖሮበት ሌላው ሳይኖርበት ለዓመታት አብረው የሚኖሩ ጥንዶች ብዙ ናቸው። ከዚህም የከፋው በተቃራኒው በኩል የሚደርሰው ነው። ሚስቲቱ ለእርግዝና ክትትል ስለመጣች ብቻ ቀድማ ትመረመራለች፤ ቫይረሱ ሲገኝባት ቀድማ ያወቀችው ቀድማ እንዳመጣችው ተቆጥሮ «አንቺ ነሽ ያመጣሽብኝ» ትባላለች። ምርመራው በማን ላይ ቀድሞ እንደታየ እንጂ ከማን እንደመጣ አይናገርም። ወንዱም በራሱ የሕክምና በር በዘወትርነት ቢመረመር ኖሮ ብዙ ሴቶች ከዚህ ክስ፣ አንዳንዶቹም ከዱላ በዳኑ ነበር ብዬ አምናለሁ።

አሁን ወደ ምርመራው ራሱ እንምጣ፤ ፍርሃት የሚበዛው በማያውቁት ነገር ላይ ነውና። ባለሙያው ጓንት ያደርጋል፤ የጣትን ጫፍ በአልኮል ይጠርግና አንድ ጊዜ ብቻ በምትሠራ ትንሽ መውጊያ ጠቅ ያደርጋታል። የወጣችውን ጠብታ ደም በቀጭን መሳቢያ ወስዶ የአውራ ጣት ስፋት ባላት የመመርመሪያ ፕላስቲክ ላይ ያኖራታል፤ ቀጥሎ አንድ ሁለት ጠብታ ፈሳሽ ይጨምርባታል። ፈሳሹ ደሙን እየገፋ በወረቀቱ ላይ ሲጓዝ ቀላ ያለ ጥላ ይታያል። ምርመራው በትክክል መሥራቱን የሚያረጋግጥ አንድ መስመር ይወጣል፤ ይህ መስመር ካልወጣ ሌላው ቢወጣም ባይወጣም ውጤቱ አይቆጠርም፣ እንደገና ይሠራል። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ሁለተኛ መስመር ከታየ ምርመራው ምላሽ ሰጥቷል ይባላል። ምላሽ ሰጠ ማለት ግን ቫይረሱ አለበት ማለት ገና አይደለም። ይህን ነጥብ ታካሚዎች ብቻ ሳይሆኑ አንዳንድ ባለሙያዎችም ያቃልሉታል፤ ስለዚህ በቁጥር ላሳየው።

ለምሳሌ ያህል 1,000 ሰዎችን መረመርን እንበል፤ ከእነሱ ውስጥ ቫይረሱ ያለባቸው 10 ብቻ ናቸው። የምንጠቀምበት መመርመሪያ ጥሩ ስለሆነ አሥሩንም ያገኛቸዋል። ቫይረሱ ከሌለባቸው 990 ሰዎች መካከል ግን ለእያንዳንዱ 100 ሰው አንዱን በስህተት ምላሽ ሰጠ ቢልበት፣ 10 ያህል ጤነኛ ሰዎች ሁለተኛውን መስመር ያያሉ ማለት ነው። በጠቅላላው ምላሽ ካገኙት 20 ሰዎች ግማሾቹ ቫይረሱ የለባቸውም። መመርመሪያው መጥፎ ስለሆነ አይደለም፤ ብዙ ጤነኛ ሰዎች ሲመረመሩ ጥቂቷም ስህተት ስለምትከማች ነው። ለዚህ ነው በመጀመሪያው ምርመራ ምላሽ ያገኘ ሰው በሌላ ዓይነት መመርመሪያ እንደገና የሚታየው፤ በዚያም ምላሽ ከተገኘ በሦስተኛ ዓይነት ይረጋገጣል። በአንዱ መመርመሪያ የተሳሳተ ሰው በሦስቱም የመሳሳቱ ነገር እጅግ አነስተኛ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቫይረሱ አለ ለማለት ሦስት ተከታታይ ምላሾች እንዲያስፈልጉ መክሯል። እንግዲህ ምርመራው ለብዙ ሰው በቀረበ ቁጥር ማረጋገጫው ይበልጥ ጥብቅ መሆን አለበት። ሁለተኛውና ሦስተኛው መመርመሪያ ከመጋዘን ባለቀበት ቀን በመጀመሪያው ብቻ ተመሥርቶ «አለብህ» ማለት፣ ወይም ምላሽ ያገኘውን ሰው ማብራሪያ ሳይሰጡት «ሌላ ቀን ተመለስ» ብሎ መሸኘት፣ እንቅልፍ የሚነሳ ጥፋት ነው።

ቫይረሱ አልታየም የሚለውም ውጤት ማብራሪያ ይፈልጋል። መመርመሪያው በቀጥታ የሚፈልገው ሰውነት ቫይረሱን ለመዋጋት ያመረተውን የመከላከያ ንጥረ ነገር እንጂ ቫይረሱን አይደለም፤ ይህ ንጥረ ነገር እስኪመረት ደግሞ ሳምንታት ያልፋሉ። ስለዚህ ባለፉት ሦስት ወራት ለቫይረሱ ተጋልጬ ይሆናል ብሎ የሚያስብ ሰው ሦስት ወሩ ሲሞላ እንደገና መመርመር አለበት። ሕፃናት ላይ ነገሩ የተለየ ነው፤ የእናታቸው የመከላከያ ንጥረ ነገር እስከ 18 ወር ድረስ በደማቸው ሊቆይ ስለሚችል፣ ከስድስት ሳምንት ዕድሜ ገደማ ጀምሮ ቫይረሱን ራሱን በሚፈልግ የላቦራቶሪ ምርመራ ይታያሉ።

«ለሁሉም» ሲባል ግን በእርግጥ ለማን ነው? ብዙ ክርክር ያለው እዚህ ላይ ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት በአገር አቀፍ ደረጃ ከአዋቂዎች ቫይረሱ የተገኘባቸው 0.9 በመቶ ነበሩ፤ በ2017 እና 2018 እ.ኤ.አ. በከተሞች ብቻ በተካሄደው ጥናት ደግሞ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 64 ከሆኑት መካከል 3 በመቶ ያህል ሲሆኑ፣ የሴቶቹ ድርሻ ከወንዶቹ እጥፍ ገደማ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ስርጭቱ ከ5 በመቶ በላይ በሆነባቸው አገሮች ምርመራው በጤና ተቋም ለሚታይ ሁሉ እንዲቀርብ፣ ከዚያ በታች በሆነባቸው ደግሞ በተለዩ በሮች ላይ እንዲተኮር ይመክራል፤ በቲቢ፣ በአባላዘር በሽታ፣ በምግብ እጥረት ሕክምናና በእርግዝና ክትትል ማለት ነው። በአገራችንም በቅርብ ዓመታት በተመላላሽ ክፍል ለሚመጣው ሁሉ ከማቅረብ ይልቅ ጥቂት ጥያቄዎችን አስቀድሞ በመጠየቅ ተጋላጭ የሚመስለውን መለየት ተለምዷል። ምክንያቱ ይገባኛል። መመርመሪያው በገንዘብ የሚገዛ ነው፤ የአገራችን የኤች አይ ቪ አገልግሎትም ለረጅም ጊዜ የተደገፈው በዓለም አቀፉ የግሎባል ፈንድና በአሜሪካ መንግሥት የፔፕፋር ፕሮግራም ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2025 የአሜሪካ የውጭ እርዳታ በድንገት ሲታገድ፣ በሌላ ሰው ኪስ ላይ የተመሠረተ አገልግሎት ምን ያህል እንደሚናወጥ ሁላችንም አይተናል።

ሆኖም መለየቱ ራሱ ዋጋ አለው። ባለሙያው ከአሥር ታካሚ ሁለቱን መርጦ ሲልክ፣ ሁለቱ ለምን እንደተመረጡ ያስባሉ፤ ወረፋ ላይ የተቀመጡት ስምንቱም ያስባሉ። ደግሞስ ተጋላጭ የሚመስለው ማን ነው? በአዲስ አበባ ዳር የሚኖረው ሕዝብ ዓይነቱ ብዙ ነው። በቂሊንጦና በአቃቂ ፋብሪካዎች የሚሠሩ ከገጠር የመጡ ወጣት ሴቶች፣ ወደ ጅቡቲ የሚመላለሱ የከባድ መኪና ሾፌሮች፣ ከመሐል ከተማ ተነስተው በኮንዶሚኒየም የሰፈሩ ቤተሰቦች፣ እርሻቸው ከተማ የሆነባቸው አርሶ አደሮች ጎን ለጎን ይኖራሉ። ሾፌሩን ጠርጥሮ የመንግሥት ሠራተኛውን፣ ወጣቷን ጠርጥሮ እናቷን ማለፍ ቀላል ነው፤ ቫይረሱ ግን የሥራ ዓይነት አይጠይቅም። በእኔ እምነት፣ ሁሉንም ታካሚ በመጣ ቁጥር መመርመር አቅማችን የማይፈቅደው ከሆነ፣ መመሪያው በሚያዛቸው በሮች ውስጥ የሚገባውን ሰው አንድም ሳያስቀሩ መመርመር ይገባል። የቲቢ ክፍል ከሆነ ሁሉም የቲቢ ታካሚ፤ ተኝቶ መታከሚያ ክፍል ከሆነ እያንዳንዱ አልጋ። ጥያቄ ተጠይቆ የሚለይበት ቦታም ጥያቄዎቹ ራሳቸው ለሁሉም በእኩል ድምፅ ይጠየቁ፤ አይቶ የመገመት ሥልጣን ለባለሙያው ዓይን አይሰጥ።

ምርመራው የዘወትር ሆነ ማለት ግን ግዴታ ሆነ ማለት ፈጽሞ አይደለም። ለሌላ ምርመራ የተወሰደን ደም ታካሚው ሳያውቅ ለኤች አይ ቪ መመርመር ጥፋት ነው። «አልፈልግም» ያለ ሰው ምክንያት እንዲያቀርብ አይገደድም፤ ካርዱም ወደ ታች አይወርድም። እዚህ ላይ በተለይ ለፋብሪካ ሠራተኞች ማወቅ የሚጠቅም የሕግ ነጥብ አለ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛ በበቂ ምክንያት የሕክምና ምርመራ እንዲያደርግ በአሠሪው ሲጠየቅ እንዲመረመር ሲያዝ፣ የኤች አይ ቪ ምርመራን ግን ከዚህ ግዴታ ውጭ አድርጎታል፤ በቫይረሱ ምክንያት በሠራተኞች መካከል ልዩነት ማድረግንም ይከለክላል። ስለዚህ የጤና ጣቢያው ምርመራ ውጤት የታካሚው ብቻ ነው፤ አሠሪ፣ እድር፣ አከራይም ሆነ የሰፈር ኮሚቴ የሚጠይቀው ነገር አይደለም።

ምስጢር መጠበቁ በወረቀት የሚያልቅ ጉዳይ አለመሆኑን ግን የከተማ ዳር ኑሮ በሚገባ ያሳያል። በኮንዶሚኒየም ሰፈር የካርድ ክፍሏ ሠራተኛ ከታካሚው ጋር በአንድ ደረጃ ላይ ትኖር ይሆናል። የመድኃኒት መውሰጃው ክፍል ለብቻው ተለይቶ ከተሠራ፣ በፊት ለፊቱ አግዳሚ ወንበር ላይ መቀመጥ ራሱ ለአላፊ አግዳሚው ወሬ ይሆናል። ከኮዬ ፈጬ ተነስተው ሁለትና ሦስት ታክሲ እየቀያየሩ መሐል ከተማ ድረስ ሄደው መድኃኒታቸውን የሚወስዱ ሰዎች አውቃለሁ፤ የቀን ገቢያቸውን ለትራንስፖርት የሚከፍሉት በሰፈራቸው ሕክምና ጠፍቶ አይደለም። ምርመራው ከሌሎች ጋር ተቀላቅሎ መድኃኒቱ ግን በተለየ ቤት የሚሰጥ ከሆነ፣ ሥራው በግማሽ ቀርቷል።

ቫይረሱ የተገኘበት ሰው ዛሬ የሚሰጠው ሕክምና ከሃያ ዓመት በፊት ከነበረው ጋር አይመሳሰልም። የሰውነቱ የመከላከል አቅም እስኪዳከም ይጠበቅ የነበረው ቀርቶ፣ ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቫይረሱ የተገኘበት ሁሉ ወዲያው መድኃኒት እንዲጀምር የዓለም ጤና ድርጅት መክሯል። ዝግጁ የሆነ ሰው በዚያው ቀን ሊጀምር ይችላል፤ ቲቢ የተገኘበት ግን አስቀድሞ የቲቢውን መድኃኒት ይጀምርና በሳምንታት ውስጥ ይቀጥላል። ሦስት መድኃኒቶች በአንድ ፍሬ ተዋህደው በቀን አንዴ ይዋጣሉ፤ ጤናው የተረጋጋ ታካሚ የስድስት ወር መድኃኒቱን በአንድ ጊዜ መውሰድ ይችላል። መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ወስዶ የቫይረሱ መጠን በደሙ ውስጥ ሊታይ ከማይችልበት ደረጃ የደረሰ ሰው፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነት ቫይረሱን ወደ ሌላ ሰው አያስተላልፍም። ይህ ማጽናኛ ለመስጠት የሚባል ነገር አይደለም፤ ጥንዶችን ለዓመታት የተከታተሉ ጥናቶች ያረጋገጡት ነው። ለብዙ ታካሚዎች ይህን ስነግራቸው ደግሜ እንድናገረው ይጠይቁኛል፤ አንዲት እናት ሦስት ጊዜ አስደግማኛለች።

እኛ ክፍል ውስጥ የተለወጠው ነገር ሲነገር ትንሽ ነው። በሩ ታካሚ በገባ ቁጥር ይዘጋል፤ ለጆሮ ሕመምም ይዘጋል። የምርመራው ትእዛዝ ከሌሎቹ ጋር በአንድ ወረቀት ይጻፋል። መውጊያው፣ ጥጡና መመርመሪያው ከስኳር መለኪያው ጋር በአንድ ሰሐን ላይ ተቀምጠዋል። ለታካሚው የምንነግረው ቃልም ለሁላችን አንድ ዓይነት ሆኖ ተጽፎ፣ ጠረጴዛው ላይ በመስታወቱ ሥር ተቀምጧል፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እያነበብነው እንናገር ነበር፣ ምክንያቱም ድምፅ በልማድ ወደ ታች ይወርዳል።

ባለፈው ጊዜ የስኳር ክትትል ያላቸው አንድ አዛውንት ሲመጡ ያንኑ ቃል ነገርኳቸው። ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው መለሱና እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው አንዲት ጣት ለዩልኝ። «ልጄ፣ ከወጋሽኝ አይቀር ለሁለቱም ከዚቹ ቅጂ» አሉኝ። ከአንዷ ጣት የወጣው ደም ለሁለቱም በቃ። «አባባ፣ ሃያ ደቂቃ ይጠብቁኝ» አልኳቸውና ወጥተው ከሌሎቹ ጋር አግዳሚው ላይ ተቀመጡ።